የሥራ ደኅንነትና የሠራተኛ ጤና፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳር ድርጅቶች ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በብዙ ድርጅት ውስጥ ደኅንነት የቴክኒክ ክፍሉ፣ ጤና ደግሞ የአስተዳደሩ ጉዳይ ነው። አንዱ ሄልሜትና እሳት ማጥፊያ ይቆጥራል፣ ሌላው የሕመም ፈቃድ ይፈርማል፤ የሁለቱ ወረቀት አይገናኝም። መጋዙ ግን ይህን ክፍፍል አያውቅም። ቁርስ ያልቀመሰ፣ ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያደረ ወይም ወባ ይዞት በሦስተኛ ቀኑ የተመለሰ ሰው እጁ ከሐሳቡ ይዘገያል። አደጋውም ሆነ የተበላሸው ምርት የሚመጣው ከዚያች መዘግየት ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ስህተቶች በጋራዥ፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ፣ በልብስ ስፌት፣ በሆቴል ወጥ ቤት፣ በግንባታና በሐይቁ ላይ ሥራ ደጋግመው የሚታዩ ናቸው። አብዛኞቹን ለማረም ከገንዘብ ይልቅ የሰዓትና የደብተር ለውጥ ይበቃል።

«የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ መዝገቡን መዝጋት

አደጋ ሲደርስ ቅጹ ላይ በብዛት የሚሰፍረው ምክንያት ይህ ነው። ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት አለመናገሩ ነው። «ከእንግዲህ ተጠንቀቁ» ከማለት ሌላ ምንም አይወጣውም።

ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ማሽኑና የጉዳቱ ዓይነት ከሚጻፍበት መስመር ቀጥሎ አራት ጥያቄዎች ጨምሩ። አደጋው የደረሰው ሥራ ከጀመረ በስንተኛው ሰዓት ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የበላውና የጠጣው መቼ ነው? ያለፈውን ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛ? ባለፉት ሁለት ሳምንታት ታሞ ነበር? ጥያቄዎቹ ለወቀሳ እንዳልሆኑ አስቀድሞ ይነገር፤ አለበለዚያ ሁሉም «በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁ» ይላል። ለጥቂት የተረፈውም ይመዝገብ። ከመወጣጫ ላይ የወደቀ መዶሻ ማንንም ባይመታም መዶሻው መውደቁ ዜና ነው።

በዚያው ደብተር ላይ በጥራት ጉድለት የተመለሰውን ምርት በየሰዓቱ ጻፉ። ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱን አምዶች ጎን ለጎን ስታነቡ፣ ብዙ ጊዜ ጉዳቱና የተበላሸው ምርት በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ተከማችተው ታገኟቸዋላችሁ፤ ከምሳ በኋላ ባለው የሙቀት ሰዓት ወይም በትርፍ ሰዓቱ ማብቂያ ላይ። የደኅንነትና የምርታማነት ጉዳይ አንድ መሆኑን ለባለቤት ለማስረዳት ከዚህ ገጽ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ቸል የሚባለው ሌላው ነገር ወጪው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ባደረሰው ጉዳት ግን አይጠየቅም፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ራስን መቆጣጠር እስከሚያቅት ሰክሮ መምጣትም እንደዚያው ይታያሉ። ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ወር ደመወዙ 8,000 ብር ለሆነ ሰው ይህ 24,000፣ 18,000 እና 24,000፣ በድምሩ 66,000 ብር ነው። የሕክምናው፣ የተተኪው ሰው ደመወዝና የቆመው ማሽን ኪሳራ ገና አልተደመረም። የመጋዝ መከለያ ዋጋ የሚመዘነው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

የጾም ወራትን እንደ ማንኛውም ወር መቁጠር

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ይዘልቃል። ባሕር ዳር በጣም የምትሞቀው ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከውጭው ይብሳል። ስለዚህ ሠራተኛው ምግብ ብቻ ሳይሆን ውሃም ሳይቀምስ እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይባቸው ሳምንታት ላብ በጣም የሚፈስባቸው ሳምንታትም ናቸው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ አንዳንድ ዓመት ሁለቱ ይገጣጠማሉ፤ በ2017 ዓ.ም በአንድ ሳምንት ልዩነት ነበር የገቡት። እንዲህ ባለው ዓመት አንድ ሥራ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ውሃ የጠጣ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ስህተቱ ሁለት መልክ አለው። አንዱ አለቃ ጭራሽ ነገሩን አያነሣውም፤ ሌላው ደግሞ «ማሽን ላይ የሚሠራ አይጹም» ብሎ ይከለክላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ሰው ጾሙን አይተውም፤ መጾሙን ግን ይደብቃል፣ አዙሮት እንኳ ቢሆን አይናገርም። ማን እንደሚጾም አትጠይቁ። ሰውን ትታችሁ ሥራውን አንቀሳቅሱ።

የሚሠራው አደረጃጀት ይህን ይመስላል። የመግቢያ ሰዓቱ ወደ ጠዋቱ 12 ሰዓት ከ30 ይሳብ። መጋዝ፣ ግራይንደር፣ ከፍታ ላይ የሚሠራ ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ጥገናና ከባድ ሸክም ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ይለቁ። ከዚያ በኋላ መለካት፣ ማሸግ፣ ማጽዳት፣ ቀለም መቀላቀልና ዕቃ መቁጠር ይቀጥል። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾመው የምሳ እረፍቱ ጥላ ሥር ጋደም የሚልበት እንጂ ወረፋ የሚጠብቅበት መሆን የለበትም። ጣሪያው አናት ላይ ሙቅ አየር የሚወጣበት ክፍተት ማበጀትና ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ መቀባት ሙቀቱን ይቀንሳል፤ ከአንድ ትልቅ ማራገቢያ በፊት ይህ ይቅደም፣ ማራገቢያ ሙቅ አየርን ከማዞር አያልፍምና።

ለማይጾመው ወይም ከጾም ውጭ ባለው ወቅት ልኩ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ወደ 240 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። ጥማት እስኪመጣ መጠበቅ ዘግይቶ መጠጣት ነው። ከደጋ መጥቶ ግንቦት ላይ የሚቀጠር አዲስ ሠራተኛ ሙቀቱን አልለመደም፤ የመጀመሪያው ቀን ሙቀት ውስጥ የሚያሳልፈው ከሥራው አንድ አምስተኛውን ብቻ ይሁን፣ በየቀኑም አንድ አምስተኛ እየተጨመረ በአምስተኛው ቀን ሙሉውን ይያዝ። ጎበዝ መሆኑን ለማሳየት በመጀመሪያው ቀን ራሱን የሚጥለው እሱ ነው።

መወላገድ፣ የተምታታ ንግግር፣ የሚያቃጥል ገላ ያለበት ሰው የሙቀት ምት መቶታል። ይህ ሰው ድንገተኛ ሕመምተኛ ነው። ወደ ጥላ አውጡት፣ ልብሱን አላሉት፣ አንገቱን፣ ብብቱንና ብሽሽቱን ጨምሮ ገላውን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥባችሁ አናፍሱት፣ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ራሱን በደንብ ለማያውቅ ሰው በአፉ ውሃ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ወባ የለቀቀውን ሰው በማግስቱ ማሽን ላይ ማቆም

ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል፤ ከዝናቡ መጀመሪያ ጋርም ዳግም ብቅ ይላል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት መድኃኒት የሆነው ኮአርተም ለ3 ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 6 ጊዜ ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ቀን ይወርዳል፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሠራተኛው የቀረውን ኪኒን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጥና ደመወዙ እንዳይቆረጥ ወደ ሥራ ይመለሳል። ሌላው የወባ ዓይነት ቫይቫክስ ከሆነ ደግሞ ከክሎሮኪን በኋላ የ14 ቀን ፕሪማኪን ስለሚታዘዝ፣ ዳነ ተብሎ የተቋረጠው መድኃኒት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዳግም በሽታ ሆኖ ይመጣል።

ትኩሳቱ የወረደለት ሰው ደሙ ሊያንስ፣ ጉልበቱ ሊከዳው፣ ቀና ሲል ሊያዞረው ይችላል። ለአንድ ሳምንት ያህል መወጣጫ ላይ አይውጣ፣ የሚሽከረከር ማሽን አይያዝ፣ መኪናና ጀልባ ብቻውን አይንዳ። ቀላል ሥራ ስጡት። ሕጉ በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያውን አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ ይፈቅዳል። ሦስት ቀን አርፎ መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው፣ በየሦስት ሳምንቱ እያገረሸበት ከሚቀረው ያነሰ ቀን ያስወጣል።

የሌሊት ጥበቃዎች ሁልጊዜ ይረሳሉ። አጎበር የሚታደለው ለሚተኛ ሰው ነው፤ ጥበቃው ግን ትንኟ በምትበላበት ሰዓት ውጭ ተቀምጧል። ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ፣ የሚቀባ የትንኝ መከላከያና ወንፊት ሽቦ የተገጠመለት የጥበቃ ቤት ያስፈልገዋል። በግንባታ ቦታ የመሠረት ጉድጓድና የጎማ ዱካ ላይ ያቆረውን ውሃ በየሳምንቱ ማፍሰስ ወይም መድፈን ይገባል። የትንኝ እጭ ክንፍ ለማውጣት ከአንድ ሳምንት ያላነሰ ጊዜ ስለሚፈጅበት የሳምንቱ ልክ በከንቱ የተመረጠ አይደለም።

ሽንት ቤቱን ሳያዩ ውሃ ማደል

ልብስ ስፌት ላይ የሚሠሩ ሴቶች ውሃ ካልጠጡ፣ ስለ ውሃ ጥቅም ከማስተማር በፊት ሽንት ቤቱን ሄዳችሁ እዩ። በሩ ከውስጥ ካልተቆለፈ፣ ውሃና ሳሙና ከሌለው፣ የወር አበባ ጨርቅና ሞዴስ የሚጣልበት ክዳን ያለው ባልዲ ከሌለ፣ ወይም ለመሄድ የተቆጣጣሪ ፈቃድና ካርድ የሚያስፈልግ ከሆነ ጠዋት የሚጠጣውን አስበው ይተዉታል። ውጤቱ ራስ ምታት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ከሰዓት በኋላ የሚጠማዘዝ ስፌት ነው። ለ20 ሰው ቢያንስ አንድ ሽንት ቤት፣ ለወንድና ለሴት ለየብቻ አድርጉ። የፈቃድ ካርዱም ይቅር።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑን እንደበራ መተው

መብራት ሄደ፤ ሠራተኛው ከመጋዙ ጠረጴዛ ላይ ፍቅፋቂውን በእጁ መጥረግ ይጀምራል። መብራቱ ይመለሳል፤ ምላጩ ይነሣል። ይህ አደጋ የሚደርሰው ማሽኑ በተራ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሚሠራ ነው፤ ማብሪያው «በርቷል» ላይ እንዳለ ይቆያል። መፍትሔው ኮንታክተር ያለው ማስነሻ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ራሱ ይጠፋል፣ ኃይል ሲመለስ ግን አረንጓዴው ቁልፍ በእጅ ካልተጫነ ማሽኑ አይነሣም። ማንኛውም ጥሩ ኤሌክትሪሽያን በአንድ ጠዋት ይገጥመዋል። እስኪገጠም ድረስ ደንቡ አንድ ነው፦ መብራት እንደጠፋ፣ ከማንኛውም ነገር በፊት፣ ማሽኑ ይጥፋ።

ጥገና ሲሆን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ጠጋኙ ዋናውን ብሬከር ዘግቶ በጓጉንቸር ይቆልፍ፣ ቁልፉ በራሱ ኪስ ይሁን፣ ስሙን የያዘ ካርድ ይንጠልጠል፤ ከዚያ ማስነሻውን ተጭኖ ማሽኑ አለመነሣቱን ያረጋግጥ። ሁለት ጠጋኞች ካሉ ሁለት ጓጉንቸር ያስፈልጋል። «ማንም እንዳይነካ» ተብሎ የተጮኸ ትእዛዝ ቁልፍ አይሆንም፤ ተረኛ ሲቀያየር ይረሳል።

ጀነሬተርስ? ዝናብ እንዳይነካው ተብሎ ኮሪደር ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ የሚነሣ ጀነሬተር ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጀነሬተሩ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ከሕንፃው ወዲያ ዞሮ፣ ከላይ ብቻ የተከደነ መጠለያ ሥር ይቁም። በሩ ተዘግቶ የከሰል ምድጃ የሚሞቅበት የጥበቃ ቤትም ያው ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎችን በአንድ ላይ ሲይዝ፣ ውጭ ሲወጡም ሲሻላቸው ምግቡን አትጠርጥሩ። ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ሕክምናም ይሂዱ። ለክረምት ጥበቃ ብርድ ልብስና ካቦርት መግዛት ከምድጃው ይቀላል።

መከላከያ ዕቃ አድሎ ሥራው አለቀ ማለት

ጓንት፣ ማስክና መነጽር የመጨረሻው መከላከያ ናቸው። አደጋውን ማስወገድ፣ ካልሆነ አደጋው ባነሰ ነገር መተካት፣ መከለል፣ የሥራውን ሰዓት መቀየር ከእነሱ በፊት ይመጣሉ። ከዚህም በላይ ያለቦታው የተደረገ መከላከያ ራሱ ይጎዳል።

ግራይንደር ላይ የሚታየው ስህተት ከሁሉ የከፋ ነው። 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላዩ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ጣሪያ በደቂቃ ወደ 6,600 ዙር ነው። ትንሹ የ115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር ደግሞ በደቂቃ 11,000 ዙር ይሽከረከራል። ትልቁ ዲስክ እንዲገባ ሲባል የትንሹ መከለያ ይፈታል፤ ያን ጊዜ የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ ከ130 ሜትር በላይ ይጓዛል፣ የተሠራው ግን ለ80 ሜትር ነው። ሲፈነዳ ስባሪው ፊትና አንገት ይመታል፤ መነጽር አያስቆመውም። የዲስኩ ቁጥር ከማሽኑ ቁጥር እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን፣ መከለያውም ከቶ አይፈታ። የወደቀና የረጠበ ዲስክ ይጣል።

ጓንት ድሪልና ቶርኖ ላይ አይደረግም፤ የሚሽከረከረው ነገር ጨርቁን ይዞ ጣቱን ይስባል። የቀዶ ሕክምና ማስክ ለእንጨት ብናኝ፣ የብናኝ ማስክ ደግሞ ለቀለም ትነት አይሆንም፤ ለሚረጭ ቀለም የኬሚካል ትነት የሚይዝ ካርትሪጅ ያለው ማስክና ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ያስፈልጋል። ሲሚንቶ የገባበት ቦት ወዲያው ይውለቅ፣ እግሩም በብዙ ውሃ ይታጠብ። ሲሚንቶ ሲነካ አያምም፤ ማታ ቆዳው ተልጦ ነው የሚታወቀው።

ለጆሮ፦ አንድ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ድምፅ ከፍ ካላደረጋችሁ የማይሰማ ከሆነ ጩኸቱ ወደ 85 ዴሲቤል ደርሷል፤ ይህም ለ8 ሰዓት የሚመከረው ጣሪያ ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት። የሽመና አዳራሽና የመላጊያ ማሽን ከዚህ ያልፋሉ። የስፖንጅ መድፈኛ በጣት ተጠቅልሎ ቀጥኖ፣ ጆሮ በሌላው እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተስቦ፣ ገብቶ 30 ሰከንድ ያህል ካልተያዘ ጌጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ጩኸት ውስጥ የዋለ ሰው ማታ እንቅልፍ ይነሣዋል፣ በማግስቱም ደክሞ ይመጣል፤ ደብተሩ ላይ ያለው የእንቅልፍ ጥያቄ ከዚህ ጋር ይገናኛል።

ትርፍ ሰዓትን እንደ ነጻ ምርት መቁጠር

ጠዋት 12 ሰዓት የነቃ ሰው ማታ 5 ሰዓት ላይ ለ17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ ቆይቷል። በዚህ ጊዜ ፍጥነቱና ፍርዱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። ጠላ ጠጥቶ መጋዝ እንዲይዝ የማትፈቅዱለትን ሰው፣ በእንቅልፍ ማጣት ሰክሮ እንዲይዝ አትፍቀዱለት። ሕጉ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ያግዳል። የሳምንቱን ጣሪያ ሞልቶ የሚሠራ ክፍል የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት የተመለሰ ምርት ይቁጠር፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያው እየተፈታ ለሚሰፋ ልብስ የወጣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለሌሊት ፈረቃ የሰውነት ጉልበት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ድረስ በጣም ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ከባድ ጥገና፣ የኬሚካል ቅልቅልና ብቸኝነት ያለበት ሥራ አይመደብ። የ20 ደቂቃ ሸለብታ ፍቀዱ፤ ከዚያ ከበለጠ ሲነቁ ያፈዛል። ፈረቃ የሚዞረው ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት ይሁን፤ በተቃራኒው ሲዞር ሰውነት አይከተልም። በተከታታይ ከ3 ሌሊት ባይበልጥ ይመረጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መመደብ፣ ትርፍ ሰዓት ማሠራትም በሕግ ክልክል ነው።

ጫት እንቅልፍን ወደ ነገ ይገፋል እንጂ አይተካም። ምግብም ይዘጋል። ሾፌርና የሌሊት ሠራተኛ በጫት እየቆመ ከሆነ ግለሰቡን ከመቅጣት በፊት መርሐ ግብሩን መርምሩ።

ኩንታልን በአንድ ትከሻ ማሸከም

ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ምቹ በሆነ ሁኔታ እንኳ፣ ጭነቱ ለሰውነት ቀርቦና ከወገብ ከፍታ ሲነሣ፣ የሚመከረው ክብደት 23 ኪሎ ገደማ ነው። ጎማ ያለው የእጅ ጋሪ ግዙ፣ አቅራቢው በ25 ኪሎ እንዲያሽግ ጠይቁ፣ ከባዱን ዕቃ ወለል ላይ ሳይሆን በወገብ ልክ በተሠራ መደርደሪያ አስቀምጡ። ልብስ ስፌት ላይ ደግሞ መደገፊያ የሌለው በርጩማ ወገብን ይገድላል። የእጅ ክርን ከማሽኑ ጠረጴዛ እኩል የሚውልበት ከፍታ፣ ጀርባ የሚደገፍ ወንበር፣ በየሰዓቱ ቆሞ የሚወሰድ 5 ደቂቃ ይበቃል።

በሐይቁ ላይ ሕይወት ጃኬትን መቀመጫ ማድረግ

ጣና ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሰፊ ሐይቅ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ቶሎ ያነሣል፤ ጠዋት መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ጀልባ መልሱን ከቀትር በፊት እንዲያደርግ ይታቀድ። የመነሻና የመመለሻ ሰዓት ዳር ላለ ሰው ይነገር፣ ስልኮችም ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይሁኑ።

ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ታስሮ ከሆነ ጀልባው ሲገለበጥ ማንም አይደርስበትም። ይለበስ፣ ማሰሪያውም ይጥበቅ፤ የላላ ጃኬት ውሃ ውስጥ ወደ አገጭ ወጥቶ ሰውን ያንቃል። የስፖንጅ ጃኬት ላይ ዘወትር የሚቀመጡበት ከሆነ ውስጡ ይጨፈለቅና የመንሳፈፍ ኃይሉን ያጣል። በደንገል ታንኳ የሚያጠምደውም ሰው የሚገባው ይኸው ነው።

ውሃ ውስጥ ቆመው እምቦጭ የሚነቅሉ፣ ደንገል የሚያጭዱና መረብ የሚስቡ ሠራተኞች ሌላ ስጋት አለባቸው፤ እሱም ቢልሃርዚያ ነው። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ጥልቀት በሌለውና ቅጠል ባለበት ዳር ይኖራል። ከእሱ የሚወጣው ትል ቆዳን በስቶ ይገባል፤ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ስትበረታ፣ በቀትር ገደማ ነው። ወገብ ድረስ የሚደርስ የጎማ ልብስ ያስፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ የሚቆይ ሥራም በማለዳ ይሠራ፣ ይህ ግን ስጋቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። በዓመት አንድ ጊዜ የሰገራ ምርመራ ይደረግ፣ ከተገኘም መድኃኒቱ ፕራዚኳንትል በክብደት ተለክቶ በጤና ጣቢያ ይሰጣል። ሆድ ቁርጠት፣ ደም ያለው ሰገራና የማይለቅ ድካም ያለበትን ሰው «ሰነፍ» አትበሉት። አሳ የሚፍቅና የሚሰነጥቅ ሠራተኛ ቢላ በማይይዘው እጁ የብረት መረብ ጓንት ያድርግ፤ የአምባዛ እሾህ የወጋው እጅ ወዲያው በሳሙና ታጥቦ ይታይ።

ጤናን በማስ ስፖርት መወከል

በወር አንድ እሑድ ቲሸርት ለብሶ መሮጥ ደስ ይላል፣ ይቀጥል። ሳምንቱን ሙሉ ከ8 ሰዓት በላይ ቆሞ ለሚውል ሰው ግን የጤና ፕሮግራም አይሆነውም። የሚጠቅመው በየሦስት ወሩ ነርስ መጥቶ ግፊት፣ ስኳር፣ ዓይንና ጆሮ ማየቱ ነው። ድርጅቱ የሚደርሰው ወረቀት «ብቁ»፣ «በገደብ ብቁ» ወይም «ለጊዜው አይሥራ» ከሚሉት አንዱን ብቻ ይያዝ። የምርመራው ውጤት አለቃው ጠረጴዛ ላይ ከተገኘ፣ በተለይ ኤችአይቪና የአእምሮ ሕመም ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ማንም እውነቱን አይናገርም።

ሐዘንና ጭንቀትም እጅ ላይ ይታያሉ። ለቅሶ ቆይቶ የመጣ፣ ገጠር ያለ ቤተሰቡ ወሬ የጠፋበት ወይም መንገድ ተዘግቶ ያደረ ሰው ማሽን ላይ ከመቆሙ በፊት ፎርማኑ ለብቻው «እንዴት አደርክ፣ ምን ልቀይርልህ?» ይበለው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ፎርማን ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ ጥሩ ብየዳ የሚያውቅ ሁሉ አይችለውም።

«ዜሮ አደጋ» ለሆነ ክፍል ጉርሻ መስጠት

ይህ አደጋን ሳይሆን ወሬውን ይቀንሳል። የተቆረጠው ሠራተኛ ጓደኞቹ ጉርሻቸውን እንዳያጡ ብሎ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይሠራል፤ ቁስሉም ይመረቅዛል። ጉርሻ ካለ ለጥቂት የተረፈውን ለዘገበና መፍትሔ ላመጣ ክፍል ይሁን።

የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥንን መቆለፍ

ሳጥኑ ቢሮ ውስጥ፣ ቁልፉ ደግሞ በሌለ ሰው ኪስ ነው። ክፍት ሆኖ በቀላሉ የሚበጠስ ማኅተም ይደረግበት፤ ማኅተሙ ከተበጠሰ ይቆጠርና ይሞላ። በየፈረቃው ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ሰው ይኑር። ለወጥ ቤትና ለብየዳ፦ ቃጠሎ 20 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ሥር ይያዝ፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ቡና አይቀባ። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ኃይሉ ሳይቋረጥ አትንኩት።

ኮሚቴውን በፊርማ ብቻ ማቋቋም

አዋጁ አሠሪው የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያዛል። ብዙ ቦታ ኮሚቴው ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ብቻ ነው ያለው። ሕይወት እንዲኖረው የጥገና ኃላፊው፣ የሕመም ፈቃድ የሚፈርመው፣ ጥራት ተቆጣጣሪውና ከየፈረቃው አንድ ሠራተኛ አብረው ይቀመጡ፤ ከእነዚህም አንዷ ሴት ትሁን። ስብሰባው ሰኞ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ 15 ደቂቃ ይሁን። ያለፈው ሳምንት ደብተር ይነበብ፤ አንድ ነጥብ ብቻ ይመረጥ፤ የሚሠራው ሰው ስምና ቀኑ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። በተባለው ቀን የተሠራው ይሰረዛል። ሦስት ሰኞ ሳይሰረዝ የቀረ ነጥብ ግን በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ነጥቡ እስኪዘጋም ድረስ የሚመለከተው ማሽን አይነሣም።